ቄናውያን የለቀቁበት ቀን

አራት ወንዶች የመቀጥቀጫውን ድንጋይ ከተተከለበት ነቅለው በገመድ እየጎተቱ ሲያወጡት፣ መጥሬድ የድንኳኗን ካስማ እየነቀለች ነበር። ድንጋዩ ከአፈሩ ሲላቀቅ ጓ ብሎ ሲጮህ ሰማችና ቀና አለች። እጇም በዚያው ቆመ።

ብረት ቀጥቃጮቹ ቄናውያን ዝናቡ ካባራ በኋላ ከሰል ሊያከስሉ ወደ ሰሜኑ ኮረብታ መውጣታቸው አዲስ ነገር አይደለም። ድንኳናቸውን አጣጥፈው፣ ወናፍና መዶሻቸውን በአህያ ጭነው ይሄዳሉ፤ ከሰል ሞልተው ይመለሳሉ። ድንጋዩ ግን ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ከአማሌቅ ሰፈር ተድራ ከመጣች ጀምሮ መጥሬድን ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳት በዚህ ድንጋይ ላይ የሚወርደው መዶሻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጠልታው ነበር። በኋላ ግን መዶሻው ያልተሰማበት ቀን ሰው የሞተ እየመሰላት ትደነግጥ ጀመር።

«ዔፌር፣» አለች ባሏን ጠርታ። «ድንጋዩ ለከሰል ምን ያደርጋል?»

ዔፌር ላቡን በክንዱ ጠረገ። «አባታችን ኤልዳዓ ይውጣ አሉ፤ ወጣ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ! ጎትት ሲሉኝ እጎትታለሁ።» ይህን እያለ ጢሙን አከከ። ዔፌር ሲዋሽ ጢሙን ይበላዋል።

መጥሬድ የነቀለችውን ካስማ አነሳችና ጫፉን መልሳ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተችው። «ሦስት ልጅ ወልጄልሃለሁ። አንዱን እዚህ አፈር ውስጥ ትቼው ልሄድ ነው። ወዴት እንደምሄድ ካልነገርከኝ ይሄን ድንኳን መልሼ እተክለዋለሁ፤ አንተ ድንጋይህን ይዘህ ሂድ።»

ዔፌር ግራ ቀኙን ቃኘና ክንዷን ይዞ ከተቆለሉት ወናፎች ጀርባ ወሰዳት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኗን ሳያይ ነገራት። የእስራኤል ንጉሥ በአማሌቅ ላይ ዘምቷል። እንደ ወትሮው ከብት ነድቶ የሚመለስ ዘመቻ አይደለም፤ ወንድ፣ ሴት፣ የሚጠባ ሕፃን፣ በግ፣ ግመል፣ አንድም ነፍስ እንዳይተርፍ ተብሏል። ለኤልዳዓ ግን መልእክተኛ መጥቶላቸዋል። አባቶቻችን ከግብፅ ሲወጡ አባቶቻችሁ ቸርነት አድርገውልናልና ከአማሌቅ መካከል ውጡ፣ አብረን እንዳናጠፋችሁ፤ ጦሩ ገና ሩቅ ነው ብሏል።

«እና አባታችን ምን አሉ?»

«ማሉ። እንወጣለን፣ ለማንም አንነግርም ብለው ማሉ።» ዔፌር ወደ አማሌቅ ሰፈር በአገጩ ጠቆመ። «ባይምሉም መናገር አንችልም። የአንቺ ወገኖች ቢሰሙ መንገድ ይዘጉብናል። ቄናዊ መካከላችን ካለ እስራኤል አይመታንም ብለው እንደ ጋሻ ፊታቸው ያቆሙናል። ልጆቹንም ጭምር።»

«እኔስ? እኔ ምንድን ነኝ?»

«አንቺ ሚስቴ ነሽ። ቄናዊት ነሽ።»

«አባቴስ?»

ዔፌር ወደ ወናፎቹ ዞረ። ጢሙንም አላከከም።

መጥሬድ፣ «ሳልሰናበት ብሄድ ይጠረጥራሉ፤ በየዓመቱ እሰናበታለሁ» አለች። እውነቷን ነበር። ነገሩ ለኤልዳዓ ሲነገራቸው ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው መጡና ከላይ እስከ ታች አዩዋት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከደህና ዋልሽና ደህና እደሪ የዘለለ ቃል ተናግረዋት አያውቁም።

«ሂጂ» አሏት። «እየሳቅሽ ሂጂ፤ እየሳቅሽ ተመለሺ። ልጆቹ እኛ ጋ ይቆያሉ።»

ልጆቹ ለምን እንደሚቆዩ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

የአማሌቅ ሰፈር ከደረቁ ወንዝ ማዶ ነው። መጥሬድ ሕይወቷን ሙሉ የተመላለሰችበት መንገድ ዛሬ ረዘመባት። ሴቶቹ ድንኳን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሰበሰቡትን የዱር ዘር ይፈጫሉ። ዓመቱ ደረቅ ነበር፤ ፍየሎቹ ጎድናቸው ይቆጠራል፤ ሰዎቹም ከፍየሎቹ ብዙ አይሻሉም። ወፍጮው ላይ ያጎነበሰች አንዲት ሴት አየቻትና ጮኸችላት፦

«የጥቀርሻዋ እመቤት! ደግሞ ልትጠቁሪልን ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ባሌ የሚወደኝ ስጠቁር ነው!» አለች መጥሬድ። ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። አንዷ ልጇን ታጠባ ነበር፤ ሕፃኑ በሳቁ ደንግጦ ጡቱን ለቀቀና ዞሮ አያት። መጥሬድ ፊቷን አዞረች።

አባቷ ሼፎ ድንኳናቸው ደጅ ተቀምጠው ከግመል ጠጉር ገመድ ይገምዳሉ። በወጣትነታቸው ስማቸው ሲጠራ የይሁዳ ገበሬ አውድማውን ጥሎ ይሸሽ ነበር። ዳሌያቸው ከግመል ወድቀው ከተሰበረ ወዲህ ግን ሰው ካልደገፋቸው አይቆሙም። ጣቶቻቸው ብቻ አላረጁም።

«መጣሽ?»

«መጣሁ አባባ።»

«ደክሞሻል።»

«ደክሞኛል።»

«ይድከምሽ። እዚህ ሰፈር ያልደከመው ዝንቡ ብቻ ነው» አሉና ምንጣፉን መታ መታ አደረጉላት። ተቀመጠች። ሽማግሌው ገመዳቸውን ቀጠሉ። «ልጆቹን አላመጣሻቸውም።»

«ጭነት እያገዙ ነው።»

«የፍየል እረኞቹ ደግሞ ቄናውያን ድንጋዩን ነቀሉት ሲሉ ሰማሁ።»

መጥሬድ መልስ አሰናድታ ነበር የመጣችው። መንገዱን ሙሉ ስታጠናው ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። አንገቷን ደፍታ፣ ከሩቅ ለሚያያት የልጆቿን ወሬ የምታወራ እየመሰለች፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። የሼፎ ጣቶች ለጥቂት ጊዜ መገመዳቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያ ቆሙ።

«ሕፃናቱንም?» አሉ።

«ሕፃናቱንም።»

ሽማግሌው ገመዱን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «እስራኤላውያን ከግብፅ በወጡ ጊዜ የአያቶቼ አያቶች ከኋላ ከኋላቸው እየተከተሉ የደከመውን፣ የታመመውን፣ የቀረውን መቱ። ይሄን ልጅ ሆኜ ሽማግሌዎቻችን እንደ ጀግንነት ነበር የሚነግሩኝ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ከማሳቸው እህል ዘርፌያለሁ፤ ሰውም ገድያለሁ። እነሱም ሁለት ወንድሞቼን ገደሉ። ማን ጀመረ፣ ማን ባሰ እያልኩ መቁጠር ከተውኩ ግን ቆየሁ። ሰለቸኝ፣ መጥሬድ። ሞቱ አይደለም የሰለቸኝ፣ ሂሳቡ ነው።»

«ይነሱ፣ እንሂድ። አህያ ላይ እጭንዎታለሁ።»

«እንደ ድንጋዩ?» ብለው ሳቁ። «ኤልዳዓ ይቀበለኛል?»

መጥሬድ ወደ ወንዙ ማዶ አየች።

«አይቀበለኝም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልቀበልም።» ሰፈሩን፣ ወፍጮው ላይ ያጎነበሱትን ሴቶች ቃኙ። «አሁን አፌን ብከፍት መጀመሪያ ግመል ላይ የሚወጣው ወንድምሽ ናሐት ነው። መንገዱን ይዘጋል። ልጆችሽን በገመድ አስሮ ድንኳኑ ፊት ያቆማቸዋል፤ አጎታቸው ሆኖ። ክፉ ስለሆነ እንዳይመስልሽ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ካልተናገርኩ ደግሞ…» አሉና አልጨረሱትም።

ሩቅ አንድ ሰው ግመል ይጠራል። መጥሬድ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣብቃ ትጠብቃለች።

«የመጨረሻዋ አህያችሁ ያንን የሰሜኑን ጉብታ ስትሻገር እናገራለሁ» አሉ ሼፎ። «ከዚያ በፊት ቃል አይወጣኝም። እንግዲህ ፍጠኑ። እናንተ የዘገያችሁትን ያህል እነዚህ ሰዎች የመሸሻ ጊዜ ያጣሉ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ያን ጊዜ ናሐት ጦሩን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ከሩቁ እየሳቀ መጣ። ከመጥሬድ በሁለት ዓመት ያንሳል፤ እስካሁን ግን ሲያያት እንደ ልጅነታቸው ጠጉሯን ካልጎተተ ሰላም ያላት አይመስለውም።

«እናንተ ቄናውያን ምን ነካችሁ? ድንጋይ ተሸክማችሁ ልትሄዱ ነው አሉ! ከሰል ልታከስሉ ነው ወይስ ግንብ ልትሠሩ?»

መጥሬድ ወደ አባቷ ዞረች። ሼፎ ገመዳቸውን አንስተው ጫፉን በጥርሳቸው አጠበቁ።

«ተሰንጥቋል» አሉ። «ኮረብታው ላይ አዲስ ሊጠርቡ ነው። ያንን ለልክ ነው የሚወስዱት።»

«ለልክ?» ናሐት ግንባሩን ቋጠረ። «ድንጋይ በገመድ አይለካም? እስቲ ልሂድና ልያቸው።»

«የትም አትሄድም። ግመሎቹን እከክ ይዟቸዋል፤ ዛሬውኑ ወደ ደቡቡ የውሃ ጉድጓድ ትነዳቸዋለህ።»

«ዛሬ? ነገ ቢሆን ምን አለበት? ደግሞ የትኛው ግመል ነው እከክ የያዘው?»

«ዛሬ አልኩህ። ሚስትህንና ልጅህንም ይዘህ ሂድ፤ የምታልብልህ ትፈልጋለህ። የአጎቶችህንም ልጆች ጨምር፤ ግመሎቹ ብዙ ናቸው።»

ናሐት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ሰው ሲያረጅ ሥራው ማዘዝ ብቻ ይሆናል! እሺ፣ እሺ፣ አትቆጡ።» ወደ እህቱ ዞሮ ጠጉሯን ጎተተ። «ባልሽን የጦር ጫፍ ይሥራልኝ በይው። ባለፈው የሰጠኝ እንደ ቅቤ ነው የታጠፈው። ጅብ ላይ ወርውሬው ጅቡ ራሱ አፈረልኝ።»

መጥሬድ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። የእውነት ሳቅ ነበር። ናሐት ደስ ብሎት እያፏጨ ወደ ግመሎቹ ሲሄድ በዓይኗ ሸኘችው። አባቷ ምን እንዳደረጉ የገባት ያኔ ነው። ሊያድኑ የቻሉትን ያህል በአንድ የእከክ ወሬ ከሞት አውጥተው ወደ ደቡብ ሰደዋቸዋል።

ጎንበስ ብላ በየዓመቱ እንደምታደርገው ጉልበታቸውን ሳመች። ጭንቅላቷ ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ እንባዋ መጣ።

«እንዳታለቅሺ» አሉ ቀስ ብለው። «ከሰል ልታከስል የምትሄድ ሴት አታለቅስም። ተነሺ። ሂጂ።»

ጉዞው ተጀመረ፤ ድንጋዩ ግን ጉዞውን ሁሉ ያዘው። ከእንጨት በተሠራ መንሸራተቻ ላይ ጭነው በሁለት አህያ ያስጎትቱታል። አሸዋው ላይ ይሰምጣል፤ ያወጡታል፤ ጠጠሩ ላይ ይጋደማል፤ ያቃኑታል። መጥሬድ ከኋላ ሆና አህዮቹን ትነዳለች፣ ልጆቿን ታጣድፋለች። በየጊዜው ዞር እያለች የምታየው ሰፈር ግን አልራቀም፤ ሴቶቹ ሲቆሙና ሲቀመጡ እንኳ ይታያል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጉብታው ገና ከፊታቸው ነበር።

ዳገቱ ሥር ድንጋዩ ተገለበጠ። ወንዶቹ እያለከለኩ ከበው ቆሙ። ዔፌር መዳፉ ተልጦ ይደማል።

«ተዉት» አለች መጥሬድ።

ማንም አልሰማትም።

«ተዉት አልኩ! እዚሁ ጣሉት!»

ኤልዳዓ ከፊት ተመልሰው መጡ። «ምን ሆነሻል አንቺ? ይህን ድንጋይ አያቴ ነው ከደብረ ሲና በታች ያመጣው። ሦስት ትውልድ በልቶበታል።»

መጥሬድ አጠገባቸው ቆመች፤ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለአባቴ ነግሬዋለሁ።»

የኤልዳዓ በትር ከመሬት ተነሳ።

«ቢመቱኝም ይምቱኝ፤ አስቀድመው ግን ይስሙኝ። የመጨረሻዋ አህያችን ያንን ጉብታ እስክትሻገር አልናገርም ብሎ አፉን ዘግቶ ተቀምጧል። የእርስዎ የልጅ ልጆች እንዲያልፉ ብሎ፣ በገዛ ሰዎቹ መካከል፣ አፉን ዘግቶ ተቀምጧል። ይህ ድንጋይ በተንፏቀቀ ቁጥር የእነዚያ ሴቶች መሸሻ ጊዜ ያልፋል። ጡት የሚያጠቡ አሉ። አይቻቸዋለሁ።»

ሽማግሌው በትራቸውን እንዳነሱ ቀሩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሰፈሩ መለሱ። ጭስ ይታያል፤ ሴቶቹ የእራት እሳት እያቀጣጠሉ ነበር። ኤልዳዓ እዚያ ሰፈር ድንኳን ደጃፍ ላይ ስንት ጊዜ ወተት ጠጥተዋል፤ ለስንቱ ሰው ማጭድና ቢላ ሠርተዋል። በትራቸውን ለዔፌር ሰጡና ከወገባቸው ቢላቸውን መዘዙ። ማንንም አላዘዙም። ራሳቸው ጎንበስ ብለው ገመዱን ቆረጡት።

«አባታችን!» አለ ከወንዶቹ አንዱ።

«ዝም በል። አህዮቹን ንዳ» አሉ። ቢላቸውን ወደ ወገባቸው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ሮጡ ማለት ይቻላል። ጉብታውን ሲሻገሩ የመጨረሻዋን አህያ የነዳችው መጥሬድ ናት። አናቱ ላይ ደርሳ ዞር አላለችም። ብትዞር እግሯ እንደማይታዘዛት ታውቅ ነበር።

ከጉብታው ማዶ ሸለቆው ባዶ ይመስላል። ጥቂት እንደወረዱ ግን ከየድንጋዩ ሥር የራስ ቁር ብልጭ ማለት ጀመረ። መልእክተኛው ገና ሩቅ ነው ያለው ጦር እዚህ ነበር። ወንዶቹ ጋሻቸውን ተንተርሰው፣ የተጠበሰ እህል እያላመጡ፣ የሚያልፉትን ሴቶችና ሕፃናት በዝምታ ያያሉ። እነሱም ደክሟቸዋል። ብዙዎቹ ገና ጢም አላወጡም።

አንድ የሃምሳ አለቃ መንገዱ መሐል ቆመ። «ቄናውያን ናችሁ?»

«ነን» አሉ ኤልዳዓ።

«ከአማሌቅ ወገን ያለ አለ መካከላችሁ?» ዓይኑ መጥሬድ ላይ አረፈ። አገጯ ላይ የአማሌቅ ሴቶች በልጅነታቸው የሚነቀሱት ሰማያዊ ነጥብ አለ። «አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

ዔፌር አንድ እርምጃ ቀረበ። መጥሬድ አፏን ከፈተች። የአባቷ ስም ምላሷ ላይ ነበር፤ ልጆቿ ቀሚሷን ይዘዋል።

«የእኔ ናት» አሉ ኤልዳዓ። ሽማግሌው በመካከላቸው ገብተው ቆመዋል። «ሁሉም የእኔ ናቸው። ንጉሥህ ይለፉ ብሏል፤ መንገድ ስጠን።»

የሃምሳ አለቃው ነጥቡን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ አዛጋና ገሸሽ አለ። «እለፉ» አለ። «ቶሎ እለፉ።»

አለፉ።

ናሐት የመጣው ክረምቱ ገብቶ ጉድጓዶቹ ከሞሉ በኋላ ነው። መጥሬድ ከአዲሱ ሰፈራቸው በታች ልብስ ታጥብ ነበር። ሁለት ግመል የሚስብ ሰው በጠራራ ፀሐይ ሲመጣ ባየችው ጊዜ አካሄዱን አወቀችው። እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ተነሳች። እሱ ወደ እሷ መጣ። ጠጉሯን አልጎተተም። ከስቶ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ ከእሷ ታላቅ መስሎ ነበር።

ግመሎቹን አጠጣ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ሚስትህስ?» አለች።

«አለች። ልጁም አለ። የአጎቶቻችን ልጆችም አሉ።»

«አባባስ?»

«ካመለጡት ነው የሰማሁት» አለ ናሐት፣ ውሃውን እያየ። «የእናንተ አህያ ጉብታውን እንደተሻገረች በበትሩ ተደግፎ ቆመ አሉ። ብቻውን። እዚያ የነበሩት ሁሉ የደነገጡት በመቆሙ ነው። ከዚያ ጮኸ። ሽሹ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ሽሹ አለ። ገሚሱ ሳቀ። አርጅቷል፣ ቀን ቀን ያልማል አሉ። ወፍጮ ላይ የነበሩት ሴቶች ግን አልሳቁም። ልጆቻቸውን አዝለው ወጡ። ከእነሱ ብዙዎቹ ጉድጓዱ ጋ ደረሱልኝ።» ጠጠር አንስቶ ውሃው ውስጥ ጣለ። «እሱን አንድ ሰው ግመል ላይ ሊያወጣው ሞክሮ ነበር። ጊዜህን አትፍጅ ብሎ በበትር መታው አሉ።»

መጥሬድ እጇ ላይ ያለውን እርጥብ ልብስ ጨመቀች። ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

«አንቺ ያን ቀን ታውቂ ነበር?» አላት።

«አውቅ ነበር።»

«ስለ ጅቡ ሳወራሽ?»

«አዎ።»

ናሐት ራሱን ነቀነቀ፣ ለረጅም ጊዜ። «ብትነግሪኝ መንገድ ዘግቼ ሁላችሁንም አስራችሁ ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ። እሱም ያውቀኛል።» ተነሳ። «ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ሌሊት ሌሊት እነግረዋለሁ ለራሴ። ግን አይበርድልኝም፣ መጥሬድ።»

«አይበርድም» አለች።

ድንኳን ግባና ብላ አለችው። እምቢ አለ። በአገራቸው ልማድ የሰው እንጀራ የበላ ቂሙን ትቷል ማለት ነው፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ አልለመነችውም። ከጉያዋ ለምሳዋ የያዘችውን የረመጥ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችለት። አየውና ተወው። ግመሉ ላይ ወጥቶ ወደ ደቡብ ዞረ።

መጥሬድ ልብሷን ማጠብ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ የግመል ኮቴ ሰማች። ናሐት ተመልሶ መጥቷል። አልወረደም። ከኮርቻው ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ለመንገድ» አለ።

አቀበለችው። ሳያየው ጉያው ውስጥ ከተተውና ሄደ። መንገድ ላይ ይብላው አይብላው አታውቅም። አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየችና የቀረውን ልብስ ወደ ውሃው መለሰች።